የማኅበሩ ዕዳ ቤትዎ ድረስ እንዳይመጣ፦ የኃ/የተ/የግ/ማኅበር አባላት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከዚራ ቢሮ ከፍቶ በጅቡቲ በኩል ዕቃ የሚያስገባውም ሆነ ቀፊራ በጅምላ የሚያከፋፍለው የድሬዳዋ ነጋዴ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር የሚያቋቁመው፣ ንግዱ ቢወድቅ መኖሪያ ቤቱ እንዳይነካ ብሎ ነው። ሕጉም የማኅበሩ ዕዳ ከማኅበሩ ንብረት ይከፈል ይላል። ይህን ጥበቃ ብዙ ጊዜ የሚያፈርሰው የነጋዴው የራሱ ፊርማ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት የግል ዋስትናን ሳያነቡ መፈረም ነው። ባንክ ለማኅበሩ ሲያበድር አባላቱን በግል ዋስ አድርጎ ማስፈረሙ የተለመደ ነው። ውሉ «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ከሆነ አበዳሪው ማኅበሩን ሳይጠይቅ በቀጥታ ዋሱን መክሰስ ይችላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 መሠረት ዋስትና በግልጽ መሰጠት አለበት፤ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተጻፈም ውሉ አይጸናም። ስለዚህ መጠኑን ይፈልጉ። ዋስትናው ለዚህ ብድር ብቻ ነው ወይስ ወደፊት ለሚወሰደውም? ይህንንም ይጠይቁ። ድርሻዎን ሸጠው ከማኅበሩ ቢወጡም ከዋስትናው ነፃ አይሆኑም፤ ባንኩ በጽሑፍ ሊለቅዎት ይገባል። ቤት ካስያዙ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ ሊሸጠው ይችላል።

ቼክን ለመያዣ መስጠትም እንዲሁ አደገኛ ነው። በዱቤ ንግድ «ቀኑ ሲደርስ ታስገባዋለህ» ተባብሎ የወደፊት ቀን የተጻፈበት ቼክ መስጠት ተለምዷል። ቼክ ግን ሲቀርብ ወዲያው የሚከፈል ሰነድ ነው፤ ከተጻፈበት ቀን ቀድሞ ቢቀርብም ያው ነው። ስንቅ (በሒሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ) ከሌለው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 የሚከሰሰው የፈረመው ሰው ነው፤ ሒሳቡ የማኅበሩ መሆኑ አያድነውም። ለዱቤ የክፍያ ቀኑ የተጻፈበት ውል ወይም የተስፋ ሰነድ (በተወሰነ ቀን እከፍላለሁ የሚል የተፈረመ ሰነድ) ይበቃል።

የማኅበሩን ገንዘብ ከኪስ ጋር አይቀላቅሉ። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ከማኅበሩ ሒሳብ ከወጣ፣ የደንበኛ ክፍያም በግል ቴሌብር ከገባ፣ አበዳሪው «ማኅበሩና ሰውየው አንድ ናቸው» ብሎ ለመከራከር ማስረጃ አገኘ ማለት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 የወጣው የንግድ ሕግ ማኅበሩን በአንድ አባል ብቻ ማቋቋምን ስለፈቀደ ይህ ጥንቃቄ ብቻውን ለሚሠራ ሰው ይበልጥ ያስፈልጋል። ገንዘብ ሲወስዱ ደመወዝ፣ የትርፍ ድርሻ ወይስ ብድር መሆኑን በሰነድ ያስቀምጡ።

በዓይነት የገባ (በገንዘብ ሳይሆን በንብረት የተዋጣ) መዋጮን ዋጋ ማጋነንም ያስጠይቃል። 2 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ አይሱዙ 3 ሚሊዮን ተብሎ ከተመዘገበ፣ የ1 ሚሊዮኑ ልዩነት በአባላቱ ላይ ሊመጣ ይችላል።

ታክስ ሳይከፈል ቢቀር ሥራ አስኪያጁም በግሉ ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ የሰበሰቡትን ተጨማሪ እሴት ታክስ ለዕቃ መግዣ አያውሉት።

በመጨረሻ፣ ማኅበሩ መክፈል ሲያቅተው ለወንድም ወይም ለወዳጅ ቀድሞ መክፈል ይመጣል። ኪሳራ ከታወጀ ፍርድ ቤቱ ያንን ክፍያ ሊያፈርሰው፣ ወንድምዬውም የተቀበለውን እንዲመልስ ሊታዘዝ ይችላል።