ፓስወርድ፣ ምስጠራና መብራት፦ በዊንዶውስ ፕሮግራም ላይ የሚበላሹ ነገሮችና አጠጋገናቸው

ለሱቅ፣ ለክሊኒክ ወይም ለቁጠባ ማኅበር የዊንዶውስ ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ስለ ደኅንነት ሲያስብ መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ አልጎሪዝሙ ነው። ጉዳቱ የሚደርሰው ግን በአልጎሪዝሙ ዙሪያ ነው፦ ፊደል ወደ ባይት ሲለወጥ፣ ቁልፉ በማን አካውንት ሥር እንደተቀመጠ ሲረሳ፣ ፋይል እየተጻፈ መብራት ሲሄድ። ምሳሌዎቹ በሲ ሻርፕ ናቸው፤ በሲ ፕላስ ፕላስ ለምትሠሩም ካስፈለገ የዊን32ቱን ስም አብረን ጽፈናል።

በአማርኛ የተጻፈ ፓስወርድ

ከሁሉ በፊት ይህን ሞክሩ። አንድ የሙከራ ተጠቃሚ ክፈቱና ፓስወርዱን «ሰላም» አድርጉት። ውጡና «ደህና» ብላችሁ ለመግባት ሞክሩ። ፕሮግራሙ ካስገባችሁ፣ ሦስት ፊደል ያለው ማንኛውም የአማርኛ ቃል ያንን አካውንት ይከፍተዋል።

ዊንዶውስ ለአማርኛ የመደበው የድሮ ኮድ ፔጅ (የፊደላት ቁጥር ሰንጠረዥ) የለም፤ አማርኛ እዚያ የሚኖረው በዩኒኮድ ብቻ ነው። ፓስወርዱን ወደ ባይት የሚለውጠው መስመር «ኢንኮዲንግ.አስኪ» (የእንግሊዝኛ ፊደላትን፣ ቁጥሮችንና ምልክቶችን ብቻ የሚያውቅ) ከሆነ፣ ወይም በድሮው ዶትኔት ፍሬምወርክ «ኢንኮዲንግ.ዲፎልት» ከሆነ፣ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል የጥያቄ ምልክት ይሆናል። «ሰላም»ም «ደህና»ም ገና ሃሽ (ወደ ኋላ የማይመለስ አሻራ) ሳይደረጉ 63፣ 63፣ 63 የሚሉ ሦስት ባይቶች ሆነው አንድ ሆነዋል። በሲ ፕላስ ፕላስ ያው ችግር የሚመጣው እንደ «ጌትዊንዶውቴክስትኤ» ያሉ በ«ኤ» የሚያልቁ ፈንክሽኖችን በመጠቀም ነው፤ በ«ደብሊው» የሚያልቁትን ተጠቀሙ።

መፍትሔው «ኢንኮዲንግ.ዩቲኤፍ8» ነው። በእሱ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ «ሰላም» 9 ባይት ይሆናል። ሃሹን ቢክሪፕት በተባለው የፓስወርድ ሃሽ አልጎሪዝም የምትሠሩ ከሆነ ግን አንድ ነገር አስተውሉ፦ ቢክሪፕት ከ72 ባይት በላይ ያለውን አይመለከትም፤ ያ በአማርኛ 24 ፊደል ብቻ ነው።

ስህተቱ ለዓመታት የቆየበት ፕሮግራም ካላችሁ መስመሩን መቀየር ብቻ አይበቃም። የተቀመጠው ሃሽ የጥያቄ ምልክቶች ሃሽ ነውና ትክክለኛው ፓስወርድ ከእሱ አይገኝም። በዳታቤዙ ላይ የሥሪት ዓምድ ጨምሩና የድሮዎቹን መዝገቦች 1፣ አዲሶቹን 2 በሏቸው። ሥሪት 1 ላይ የሚገባ ሰው የጻፈው ፓስወርድ ውስጥ ከአስኪ ውጭ የሆነ ፊደል ወይም የጥያቄ ምልክት ካለ አታስገቡት፤ አድሚኑ አዲስ ፓስወርድ ይስጠው። የቀረው በላቲን ፊደልና በቁጥር የተጻፈ ነው፤ የባይቱ ቅርጽ በዩቲኤፍ 8ም ያው ስለሆነ በድሮው መንገድ አረጋግጡና እዚያው ወደ ሥሪት 2 አሻግሩት። የጥያቄ ምልክቱን አለመከልከል ትልቅ ቀዳዳ ይተዋል፦ ይህን የሚያውቅ ሰው «???» ብሎ ጽፎ ይገባል። ከዶትኔት ፍሬምወርክ ወደ ዶትኔት 5 ወይም ከዚያ በላይ የምትሻገሩም ይህንኑ አሠራር ያስፈልጋችኋል፤ በአዲሱ «ኢንኮዲንግ.ዲፎልት» ራሱ ዩቲኤፍ 8 ስለሆነ በአማርኛ ፓስወርድ የሚገቡ ሁሉ በአንድ ጠዋት ውጭ ይቀራሉ።

ሌላው ጉዳይ ሞክሼ ፊደላት ናቸው። ለኮምፒውተሩ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። አንዱን ወደ ሌላው እየለወጡ ማቀራረብ የሚቻል ነው፣ ግን አንመክረውም፤ የሚገመተውን ብዛት ይቀንሳል፣ ሕጉም ነገ ቢቀየር ሃሹ ሁሉ ይፈርሳል። የተሻለው ተጠቃሚው የጻፈውን ለአፍታ የሚያይበት ቁልፍ ማስቀመጥና የትኛው ኪቦርድ እንደበራ ከሳጥኑ አጠገብ ማሳየት ነው። ነጠብጣቦቹ ብቻ ሲታዩ አማርኛው ይብራ እንግሊዝኛው ማንም አያውቅም።

ሃሹ ራሱ

ፓስወርድ አይመሰጠርም፤ ፕሮግራሙም መልሶ ሊያነበው አይገባም። ኤምዲ 5 እና አንድ ዙር ሻ 256 ፈጣን ናቸው፤ ፍጥነታቸው የሚጠቅመው ደግሞ ለሚገምተው ሰው ነው። ያለ ተጨማሪ ላይብረሪ የሚገኘው ሃሹን ብዙ ዙር እየደጋገመ ግምትን የሚያዘገየው ፒቢኬዲኤፍ2 ነው፤ ከዶትኔት 6 ጀምሮ «አርኤፍሲ2898ዴራይቭባይትስ.ፒቢኬዲኤፍ2» ብላችሁ ትጠሩታላችሁ። ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ከ«ራንደምነምበርጀነሬተር» 16 ባይት ሶልት (ከፓስወርዱ ጋር የሚቀላቀል የዘፈቀደ ባይት)፣ ሻ 256፣ 600,000 ዙር፣ 32 ባይት ውጤት። የሶፍትዌር ደኅንነት ድርጅቱ ኦዋስፕ ለዚህ ጥምረት የሚመክረው ይህንኑ የዙር ብዛት ነው። የድሮውን ኮንስትራክተር ዙርና አልጎሪዝም ሳትሰጡ ከተጠቀማችሁ በዝምታ 1,000 ዙርና ሻ 1 ይሰጣችኋል፤ በአሮጌ ኮድ ውስጥ መጀመሪያ የሚፈለገው ይህ ነው። የዙሩን ብዛት ከሃሹ ጎን አስቀምጡት፤ ነገ ስትጨምሩት ተጠቃሚው ሲገባ ሃሹን በአዲሱ ብዛት ታድሱታላችሁ። ስታወዳድሩ «ፊክስድታይምኢኳልስ»ን ተጠቀሙ። ደካማ ኮምፒውተር ላይ መግቢያው ከደነዘዘ ሥራውን ከመስኮቱ ትሬድ አውጡት እንጂ ዙሩን አትቀንሱ።

ፕሮግራሙ ራሱ የሚይዘው ቁልፍ

የዳታቤዝ ፓስወርድ ወይም የምስጠራ ቁልፍ ሃሽ ተደርጎ አይሆንም፤ ፕሮግራሙ ሊያነበው ይገባል። በኮዱ ውስጥ መጻፍ ማለት ለሁሉም መስጠት ነው፤ የዶትኔት ኤግዚ ፋይል በነጻ መሣሪያ በደቂቃ ውስጥ ተመልሶ ይነበባል። ዊንዶውስ ከዊንዶውስ 2000 ጀምሮ ለዚህ ያዘጋጀው ዲፒኤፒአይ የተባለ የሚስጥር መጠበቂያ ነው፤ በሲ ሻርፕ «ፕሮቴክትድዳታ.ፕሮቴክት»፣ በዊን32 «ክሪፕትፕሮቴክትዳታ»። ቁልፉን የሚያስተዳድረው ዊንዶውስ ሲሆን ከተጠቃሚው የዊንዶውስ ፓስወርድ ጋር ያስረዋል።

ብዙውን ጊዜ የሚያስቸግረው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። መጫኛው በአድሚን አካውንት መስጥሮ አስቀመጠ፤ ፕሮግራሙ ደግሞ በሰርቪስ አካውንት ይነሳል። የሚመጣው ስህተት ቁጥሩ ‎-2146893813 ሲሆን ቁልፉ አሁን ባለበት ሁኔታ አይሠራም ይላል። አይአይኤስ (የዊንዶውስ ዌብ ሰርቨር) ላይ አካውንቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ይኸው ስህተት ከመጣ፣ የአፕሊኬሽን ፑሉ (ፕሮግራሙ የሚሠራበት ክፍል) የተጠቃሚውን ፕሮፋይል እንዲጭን አልተፈቀደለት ይሆናል፤ በአድቫንስድ ሴቲንግስ ውስጥ «ሎድ ዩዘር ፕሮፋይል»ን ወደ ትሩ ለውጡት። ቁጥር 13 ከመጣ ግን አብሮ የተሰጠው ተጨማሪ ኢንትሮፒ (ሲመሰጠር የተጨመረ የሚስጥር ባይት) የተለየ ወይም ዳታው የተቆረጠ መሆኑን ተመልከቱ።

ሰው ሁሉ ከዚህ ለማምለጥ ስኮፑን (ማን ሊፈታው እንደሚችል የሚወስነውን) ወደ «ሎካልማሺን» ይቀይረዋል። ይሠራል፤ ግን በዚያ ኮምፒውተር ላይ የሚገባ ማንኛውም ተጠቃሚ ሊፈታው ይችላል። ከመረጣችሁት ፋይሉን የሚያነቡት ሰርቪሱና አድሚኑ ብቻ እንዲሆኑ በፎልደሩ ፈቃድ ገድቡ።

የበለጠ የሚጎዳው ይህ ነው፦ ተጠቃሚው የዊንዶውስ ፓስወርዱን ራሱ ሲቀይር ምንም አይሆንም፤ ከዶሜን (የድርጅት ማእከላዊ የአካውንት አስተዳደር) ውጭ ባለ አካውንት ላይ ግን አድሚኑ በግድ ሲያስለውጠው የተመሰጠረው አይከፈትም። የድሮው ፓስወርድ ከታወቀና ከተመለሰ ይከፈታል። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ከተጫነ ያ ዕድልም የለም። ስለዚህ ዲፒኤፒአይን የዳታው ብቸኛ በር አታድርጉት። 32 ባይት የዘፈቀደ የዳታ ቁልፍ ፍጠሩ፤ አንዱን ቅጂ በዲፒኤፒአይ፣ ሌላውን ከረጅም የመልሶ ማግኛ ሐረግ በፒቢኬዲኤፍ2 በወጣ ቁልፍ መስጥሩ። ሐረጉ በወረቀት ታትሞ የድርጅቱ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ።

ፋይል እየተጻፈ መብራት ሲሄድ

ዳታውን በኤኢኤስ ጂሲኤም መስጥሩ፤ «ኤኢኤስጂሲኤም» ክላስ ከዶትኔት ኮር 3.0 ጀምሮ አለ። ፋይሉ በ1 ባይት የሥሪት ቁጥር ይጀምር፣ ቀጥሎ 12 ባይት ኖንስ (ለአንድ ምስጠራ ብቻ የሚያገለግል ቁጥር)፣ 16 ባይት ታግ (ዳታው አለመነካካቱን የሚያረጋግጥ)፣ ከዚያ የተመሰጠረው ዳታ። ኖንሱ በአንድ ቁልፍ ሁለት ጊዜ ከተደገመ ሚስጥርነቱም ከመነካካት መጠበቁም ይፈርሳል። አንዳንዶች ቆጣሪ ዲስክ ላይ እያስቀመጡ ኖንስ ያወጣሉ፤ መብራት ሲሄድ ቆጣሪው ሳይጻፍ ይቀርና ሲነሳ ያው ቁጥር ይደገማል። ሁልጊዜ አዲስ የዘፈቀደ ኖንስ ውሰዱ።

የተመሰጠረ ባይትን በዩቲኤፍ 8 ወደ ጽሑፍ አትለውጡ፤ ግማሹ ይጠፋል። ጽሑፍ ካስፈለገ ቤዝ 64 ነው። በኤኢኤስ ሲቢሲ የተጻፈ አሮጌ ኮድ ላይ «ፓዲንጉ ልክ አይደለም» የሚለው ስህተት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከዚህ፣ ወይም «ፍላሽፋይናልብሎክ»ን ከመርሳት ነው።

ግልጽ ጽሑፍ ያለበት ፋይል ግማሹ ቢጻፍ ግማሹ ይነበባል። በጂሲኤም የተመሰጠረ ግን አንድ ባይት ቢጎድለው ታጉ አይገጥምም፣ ሙሉው ይጠፋል። በድሮው ፋይል ላይ ቀጥታ መጻፍ የተከለከለ ይሁን። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. እዚያው ፎልደር ውስጥ በሌላ ስም አዲስ ፋይል ጻፉ። ሌላ ድራይቭ ላይ ከሆነ መተካቱ አይሠራም።
2. «ፍላሽ»ን ትሩ ሰጥታችሁ ጥሩት። ባዶውን «ፍላሽ» ከጠራችሁ ዳታው ወደ ዊንዶውስ ካሽ እንጂ ወደ ዲስኩ መድረሱ አይረጋገጥም።
3. መልሳችሁ ክፈቱና ፍቱት፤ ታጉ መግጠሙን እዩ።
4. «ፋይል.ሪፕሌስ»ን በሦስት ስም ጥሩት፦ አዲሱ፣ ዋናው፣ ባክአፑ። ዋናው ገና ከሌለ ስህተት ይሰጣል፤ ለመጀመሪያው ጊዜ «ፋይል.ሙቭ» ነው።
5. ሲነሳ ዋናው ካልተፈታ ባክአፑን ሞክሩ፤ ባክአፑ እስኪረጋገጥ ድረስ ምንም ነገር አታስቀምጡ።

ላፕቶፕ ላይ መብራቱ መሄዱን ማወቅም ይቻላል። «ጌትሲስተምፓወርስታተስ» የኤሲውን ሁኔታ 0 ካለ በባትሪ ነው፣ 1 ካለ በመብራት፣ 255 ካለ አልታወቀም። የባትሪው መቶኛም ባትሪ በሌለበት ዴስክቶፕ 255 ነውና ሳታጣሩ ለተጠቃሚ አታሳዩት። በዩኤስቢ የተገናኘ ዩፒኤስን ዊንዶውስ እንደ ባትሪ ካወቀው ይኸው ፈንክሽን ያሳየዋል። ወደ ባትሪ ሲዞር ትልቅ ባክአፕ አትጀምሩ፤ የተከፈተውን አስቀምጡ።

ስሊፕና ሃይበርኔት

ረጅም ምስጠራ ላይ እያለ ኮምፒውተሩ እንዳይተኛ «ሴትትሬድኤክሲኪውሽንስቴት» አለ፤ «ኮንቲኒዩየስ» እና «ሲስተምሪኳየርድ» ፍላጎች አብረው ይሰጣሉ። ጥያቄው የሚታሰረው ከጠራው ትሬድ ጋር ነው፤ ትሬዱ ሲያልቅ አብሮ ይሻራል። በ«አሲንክ» ኮድ ውስጥ ከ«አዌይት» በኋላ ያለው መስመር ሌላ ትሬድ ላይ ሊሆን ስለሚችል ጥያቄውን የሚያነሳው መስመር የተሳሳተ ትሬድ ላይ ይጠራና ኮምፒውተሩ ጨርሶ መተኛት እምቢ ይላል። ለዚህ የተሻለው በ«ፓወርክሪኤትሪኩዌስት» ጥያቄ መፍጠር፣ በ«ፓወርሴትሪኩዌስት» ማብራት፣ «ፋይናሊ» ውስጥ በ«ፓወርክሊርሪኩዌስት» ማጥፋት ነው። ተረስቶ የቀረ ጥያቄ እንዳለ በአድሚን በተከፈተ ኮማንድ ፕሮምፕት «ፓወርሲኤፍጂ /ሪኩዌስትስ» ያሳያችኋል። ክዳኑን የዘጋ ወይም የፓወር ቁልፉን የተጫነ ተጠቃሚን ግን ይህ ሁሉ አያቆመውም።

ኮምፒውተሩ ሊተኛ ሲል ፕሮግራሙ መልእክት ይደርሰዋል፤ ያለው ጊዜ ሁለት ሰከንድ ገደማ ነው፣ ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህም እምቢ ማለት አይቻልም። በዚያ ጊዜ ትልቅ ፋይል አትጻፉ፤ የዳታ ቁልፉን ከሜሞሪ አጥፉ። ሃይበርኔት ሲሆን ሜሞሪው ዲስክ ላይ ይጻፋልና ቁልፉም አብሮ ይሄዳል፤ «ቨርቹዋልሎክ» ይህን አይከለክልም። ቁልፉን በስትሪንግ አትያዙ፣ ስትሪንግ አይጠፋም። «ጂሲ.አሎኬትአሬይ»ን «ፒንድ» አድርጋችሁ የባይት አሬይ ውሰዱና በ«ክሪፕቶግራፊክኦፐሬሽንስ.ዜሮሜሞሪ» አጥፉት። በሲ ፕላስ ፕላስ «ሴኪውርዜሮሜሞሪ»ን ተጠቀሙ፤ ተራውን «ሜምሴት» ኮምፓይለሩ የማይጠቅም መስሎት ሊሰርዘው ይችላል። ከዚህ ጋር ዲስኩን ሁሉ የሚመሰጥረው ቢትሎከር ይብራ።

ሲነቃ ቁልፉን እንደገና አውጡ፤ የዳታቤዝ ግንኙነቱንም እንደሞተ ቁጠሩትና አዲስ ክፈቱ። 15 ደቂቃ ሳይነካ ሲቀር የሚቆልፍ ታይመር ካላችሁ፣ ኮምፒውተሩ የተኛበትን ጊዜ ቆጥሮታል ብላችሁ አትመኑት፤ ማታ የተዘጋ ላፕቶፕ ጠዋት በካሸሪው ስም ክፍት ሆኖ ሊነሳ ይችላል። ሲነቃ ሁልጊዜ ፓስወርድ ጠይቁ። «ሲስተምኢቨንትስ.ፓወርሞድቼንጅድ» መልእክት የሚቀበል ትሬድ ስለሚፈልግ ሰርቪስ ውስጥ ዝም ይላል፤ ለሰርቪስ «ኦንፓወርኢቨንት» ነው፣ «ካንሃንድልፓወርኢቨንት»ም ትሩ መሆን አለበት።

ሙከራውን ሃይፐር ቪ ላይ በተነሳ ቨርቹዋል ማሺን አድርጉት። ፕሮግራሙ ፋይል እያስቀመጠ ሳለ ከምናሌው ሻት ዳውንን ሳይሆን ተርን ኦፍን ምረጡ፤ ያ ገመድ እንደመንቀል ነው። አንዴ መጀመሪያው ላይ፣ አንዴ መሃል ላይ፣ አንዴ ልክ መተካቱ ላይ አጥፉትና አስነሱት። ሦስቱም ጊዜ የድሮው ወይም አዲሱ ፋይል ሙሉ ሆኖ መከፈት አለበት። ሁለቱም ካልተከፈቱ፣ መጀመሪያ ተራ ቁጥር 2 ላይ ያለውን ፍላሽ፣ ቀጥሎ ባክአፑ ሳይረጋገጥ የሚጽፍ መስመር መኖሩን ፈትሹ።