የወረሳችሁትን ሞተር ለበጋ መንገድ ማሰናዳት

አባት ወይም አጎት ትቶት ያለፈ ሞተር ሳይክል ሁለት ሦስት ክረምት ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ከቆመ በኋላ፣ ወራሹ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው ቤንዚን ቀድቶ እስኪነሳ መርገጥ ነው። ይህን አታድርጉ። ለረጅም ጊዜ የቆመ ሞተር ሲሊንደሩ ደርቋል፤ የፒስተኑ ፋሻዎች (ቀለበቶች) ዝገት ይዟቸው ሊሆን ይችላል፤ ሰልባትዮው (የቤንዚን ታንከሩ) ውስጥ የቀረው ቤንዚንም ወደ ሙጫነት ተለውጧል። እንዲህ እንዳለ በግድ ከተነሳ ሲሊንደሩ ይቧጨራል፣ ሙጫውም ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ውስጥ ይገባል።

በወሎ ለረጅም መንገድ የሚመቸው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው፤ ከየካቲት ጀምሮ የበልግ ዝናብ ሊያቋርጣችሁ ይችላል። ሥራው መስከረም ላይ ቢጀመር ደሴና ኮምቦልቻ የማይገኝ ዕቃ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ለመጠበቅም ጊዜ ይኖራችኋል።

አንድ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ሊብሬውን ይዛችሁ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከብረቱ ላይ አመሳክሩ። የሻንሲ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የሚገኘው መሪው በሚዞርበት አንገት ላይ ነው። ቁጥሩ ካልገጠመ ስም ማዛወር ስለማይቻል ዕቃ መግዛቱ ይቆይ። ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ይውጣ፣ ወራሾች ብዙ ከሆናችሁ ሞተሩ ለማን እንደደረሰ በጽሑፍ ተስማሙ፣ ከዚያ ስሙ ይዛወር። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው፤ ቦሎውም መታደስ አለበት።

ከሞተሩ በፊት ፍሬኑ

ሞተሩ ያልተነሳለት ሰው ቢበዛ ቤቱ ይቀራል፤ ፍሬኑ ያልሠራለት ግን የሚያውቀው ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ነው። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ባለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ 600 ሜትር ያህል ከፍታ ትወርዳላችሁ። ስለዚህ መፍታት ከፍሬን ይጀመር።

የከበሮ ፍሬን ከሆነ ሁለቱንም ጎማ አውጡና የፍሬን ሸራዎቹን፣ ማለትም ከበሮውን ከውስጥ እየታከኩ የሚያቆሙትን፣ እዩ። ውፍረቱ ከ2 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ሸራ ይቀየር። ያልሳሳ ሸራም አያታልላችሁ። ለዓመታት የቆመ ሞተር ላይ ሸራውን ከብረቱ ጋር የያዘው ማጣበቂያ ይደርቃል፤ ሸራው ሙሉ መስሎ ይታይና ቁልቁለት ላይ ሲግል ተላቆ ከበሮው ውስጥ ይቀረቀራል። ያን ጊዜ ጎማው በአንዴ ይቆልፋል። ሸራው ከብረቱ በሚገናኝበት ጠርዝ ዙሪያውን በጥፍር ወይም በካቻቢቴ ጫፍ ሞክሩት። የትም ቦታ ትንሽ ክፍተት ካገኛችሁ ጥሉት። ፊቱ እንደ መስታወት ያበራውን በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩ። ብናኙን በአፍም በፓምፕም አትንፉት፤ የአሮጌ ሸራ ብናኝ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ ጨርቁን ጣሉ። ሸራውን የሚከፍተው ዘንግ ላይ ግራሶ በጣም በጥቂቱ ይቀባ፤ ከበዛ ቀልጦ ሸራው ላይ ይፈሳል። ሲገጠም የእጁ ፍሬን ጫፍ ከ10 እስከ 20፣ የእግሩ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ያህል ባዶ መሄጃ ይኑረው።

ዲስክ ከሆነ ዋናው ነገር የፍሬን ዘይቱ ነው። ይህ ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ከገባበት በኋላ ግን መፍያው ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሳይለቁ መያዝ ዘይቱን እዚያ ድረስ ያግለዋል፤ ሲፈላ አረፋ ይሠራና የጨበጣችሁት ፍሬን እጀታው ድረስ ባዶውን ይመጣል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ፣ የወረሳችሁት ላይ ደግሞ ወዲያውኑ፣ አሮጌውን አፍስሱና የታሸገ አዲስ ዘይት ሙሉ፤ አየሩም በደንብ ይውጣ። ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ ለዚህ አይሆንም። ፍሬኑን ለቃችሁ ጎማውን በእጅ ስታዞሩት ከከበደ የፍሬኑ ፒስተን ነክሷልና ወጥቶ ይጽዳ፣ ጎሚኒውም (የጎማ ማሸጊያው) ይለወጥ።

ሞተሩን መቀስቀስ

ካንዴላውን (ብልጭታ የሚሰጠውን) ንቀሉና በቀዳዳው አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሩ። ጥቂት ሰዓት ቆዩና ቁልፉን ሳትከፍቱ መርገጫውን በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ግፉት። ካልተንቀሳቀሰ ትልቁ ማርሽ ውስጥ አስገቡና የኋላ ጎማውን ወደፊትና ወደኋላ በቀስታ ወዝውዙ። አሁንም ካልሆነ ዘይት ጨምራችሁ አሳድሩት እንጂ አትታገሉት፤ የተያዘ ፋሻ በግድ ሲነቀል ሲሊንደሩን ይዞ ይበላሻል።

አሮጌውን ቤንዚን እስከ መጨረሻው አፍስሱ። የቀለም ሽታ ካለው ካርቡሬተሩ ሳይፈታ አይሆንም። ሰልባትዮውን ውስጡን በስልክ መብራት እዩት፤ ክብሪትና ላይተር አጠገቡ አይድረስ። ዝገት ካለ የቤንዚን መክፈቻውን ንቀሉ፣ ቀዳዳውን ድፈኑ፣ አንድ እፍኝ ትንንሽ ዳዶ ጨምራችሁ አቼቶ ሙሉበትና አንድ ቀን ይደር፤ በየመሃሉ ናጡት። ከዚያ ዳዶዎቹን ቆጥራችሁ አውጡ፣ በውሃ እጠቡ፣ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በበጠበጣችሁበት ውሃ አለቅልቁ፣ ወዲያው ፀሐይ ላይ አድርቁ። እርጥብ ካደረ እንደገና ይዝጋል። ሲደርቅ ጥቂት ዘይት የገባበት ቤንዚን ውስጡን እያዞራችሁ አልብሱት። የቤንዚን ቱቦው ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ይቀየር፤ መሃሉ ላይ አዲስ ፊልትሮ ይግባ።

ካርቡሬተሩን ስትፈቱ የአየር ማስተካከያዋ ቡሎን ስንት ዙር እንደተከፈተች ሳትነቅሉ በፊት ቆጥራችሁ ጻፉ። ጂግለሮቹን (ቤንዚኑን በቀዳዳቸው የሚለኩትን ትንንሽ ቡሎኖች) በቤንዚን እጠቡና በአየር ንፉ። ሽቦ አትክተቱባቸው። የዋናው ጂግለር ቀዳዳ 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ብረት ትንሽ ከፋቀው የነዳጁ መጠን ይለወጣል፤ የግድ ከሆነ የዓሣ ማጥመጃ ክር ይበቃል። ተንሳፋፊው ሥር ያለችው መርፌ ካልዘጋች ቤንዚን እየተረፈ ወደ ሞተሩ ይወርዳል። የዘይት መለኪያውን አውጥታችሁ አሽትቱ፤ ቤንዚን ከሸተተ በዚያ ዘይት ሞተሩን አታስነሱ።

በነገራችን ላይ የአየር ፊልትሮውን ሳጥን ሳትከፍቱ እንዳትረግጡ። ቆሞ በከረመ ሞተር አይጥ እዚያም ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ውስጥም ትወልዳለች። የስፖንጅ ፊልትሮ በጣት ሲነካ ከፈረሰ ፍርፋሪው ሲሊንደር ውስጥ ሳይገባ ይቀየር።

ዘይቱ ሁለት ጊዜ ይለወጣል፤ ከመነሳቱ በፊትና ከ200 ኪሎ ሜትር በኋላ። ትንንሾቹ ባለአራት ምት ሞተሮች 1 ሊትር አካባቢ ይይዛሉ። ጠርሙሱ ላይ «ጃሶ ኤምኤ» (JASO MA) የሚል ምልክት ይኑር። ፍሪሲዮኑ (ማርሽ ሲቀየር ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀው) የሚሠራው እዚያው ዘይት ውስጥ ተነክሮ ስለሆነ ነዳጅ ቆጣቢ የተባለ የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል። ቦክሰርም ሆነ አፓቼ የሚባሉት ሞተሮች በዚህ ይጠቃለላሉ።

እንደ ያማሃ ዲቲ 125 እና ኤጂ 100 ያሉት ባለሁለት ምቶች ሌላ ጉዳይ ናቸው። ዘይታቸውን ከራሱ መያዣ ፓምፕ ነው የሚያደርሰው። የፓምፑ ቱቦ ውስጥ የአየር አረፋ ካለ ፒስተኑ በደረቁ ይሄዳል። ፓምፑ እንደሚሠራ እስክታረጋግጡ ለ1 ሊትር ቤንዚን 30 ሚሊ ሊትር የባለሁለት ምት ዘይት ቀላቅሉ፤ ከተረጋገጠ በኋላ መቀላቀሉን ተዉት፣ አለበለዚያ ካንዴላው ይጠቁራል።

ደሴ ላይ የተስተካከለ፣ ሚሌ ላይ የሚግል

ብዙ ሰው የማይገምተው ይኸኛውን ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡሬተር ይህን አያውቅም፤ ለወፍራም አየር የተለካውን ቤንዚን ይሰጣል። ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያንሳል። ስለዚህ አንዳንድ መካኒክ ያነሰ ጂግለር ይገጥማል፤ ደሴ ውስጥ ለሚነዳ ሰው ትክክል ነው። ችግሩ ያን ሞተር ይዛችሁ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ስትወርዱ ይመጣል። 2,000 ሜትር ገደማ ቁልቁል ወርዳችሁ ወፍራም አየርና የአፋር ሙቀት ውስጥ ስትገቡ ቤንዚኑ ያንሳል፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ከልክ በላይ ይግላል፤ ባለሁለት ምት ከሆነ ፒስተኑ ይነክሳል።

ሟቹ ባለቤት ምን እንዳስገጠመ ጠይቃችሁ ልታውቁ አትችሉም፤ ጂግለሩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አንብባችሁ ከፋብሪካው ቁጥር ጋር ማወዳደር ግን ትችላላችሁ። ካነሰ የፋብሪካውን ገዝታችሁ ያዙና ቆላ ከመውረዳችሁ በፊት ቀይሩ። ማረጋገጫው ካንዴላው ነው፤ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ጠንክራችሁ ከነዳችሁ በኋላ አጥፍታችሁ ንቀሉት። የቡና ዓይነት ቀለም ጥሩ ነው፣ ጥቁርና ደረቅ ቤንዚን በዝቷል፣ ነጭ ከሆነ ግን ቤንዚን አንሷልና ቁሙ። ከሁለቱ ስህተት የሚመረጠው የበዛው ነው፤ ጉልበት ይቀንሳል እንጂ ሞተር አያቃጥልም።

ጎማ፣ ካቴና፣ ባትሪ

ጎማው ጎን ላይ በሞላላ ክብ ውስጥ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቡ፤ 1519 ካለ በፈረንጆቹ 2019፣ በ15ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ከ6 ዓመት በላይ የሆነውንና ጎኑ የተሰነጠቀውን ይዛችሁ ረጅም መንገድ አትውጡ። የውስጥ ጎማውም አብሮ ይቀየር። ራጂዎቹን (የጎማውን ቀጫጭን ሽቦዎች) አንድ በአንድ በቁልፍ ምቱ፤ ድምፁ የደነዘዘው ላልቷል።

ካቴናው መሃል ላይ በጣት ሲገፋ ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ይንቀሳቀስ፤ ጎማውን እያዞራችሁ በጣም በጠበቀበት ቦታ ለኩት። ካቴናው የሚዞርበት የኋላው ጥርሳም ብረት ጥርሶቹ ወደ አንድ ጎን ከተንጋደዱ ካቴናውንና የፊትና የኋላ ጥርሶቹን አንድ ላይ ለውጡ፤ አዲስ ካቴና በአሮጌ ጥርስ ላይ ቶሎ ያልቃል። የካቴናው ማያያዣ ክሊፕ ክፍት አፍ ከሚሄድበት አቅጣጫ በተቃራኒ ይዙር።

ባትሪው ተሞልቶ ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት ያህል፣ ሞተሩ ከሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው ከሚሠራበት) ከፍ ብሎ ሲሠራ ከ13.5 እስከ 14.5 መካከል ይኑረው። የድሮዎቹ አንዳንዶቹ 6 ቮልት ስለሆኑ አምፖል ከመግዛታችሁ በፊት እዩ። የደሴ ጭጋግ ቀንም መብራት ያስፈልገዋልና የፊቱ፣ የኋላው፣ ፍሬቻውና ክላክሱ ሁሉም ይሥሩ።

የሙከራው መንገድ

ሜዳ ላይ ፍሬኑን ሞክራችሁ ካመናችሁት በኋላ ያለ ጭነት ደሴ–ኮምቦልቻ–ደሴ ደርሳችሁ ተመለሱ። ሲወርዱ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ ይያዝ፤ ፍሬን ጠበቅ አድርጎ ይዞ መልቀቅ እንጂ እየነኩ መውረድ አይገባም። ባለሁለት ምት በሞተሩ የመያዝ አቅሙ ደካማ ነው፣ ነዳጅ ተዘግቶ ሲወርድም ዘይት ያንሰዋል፤ በየመሃሉ ትንሽ ነዳጅ ስጡት። ኮምቦልቻ ስትደርሱ እጃችሁን ፍሬኑ ወዳለበት ወደ እያንዳንዱ ጎማ እምብርት አስጠጉ። የፊቱ ቢሞቅ ያለ ነው፤ አንዱ ጎማ ፍሬኑ ሳይያዝም የሚግል ከሆነ ሸራው እያሻሸ ነው። ሲመለሱ ዳገቱ ላይ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ስትጨምሩ የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል።

ቀጥሎ ሐይቅ፣ ከዚያ ከሚሴ፣ ሰኞ ከሆነ ለገበያው ባቲ መሄድ ይቻላል። ከመውጣታችሁ በፊት ስለ መንገዱና በሞተር እንቅስቃሴ ላይ ገደብ መኖር አለመኖሩን ጠይቁ። ትርፍ የፍሪሲዮን ኬብል ከነባሩ ጋር አጣምራችሁ በቴፕ እሠሩት፤ ሲበጠስ ሁለቱን ጫፍ ብቻ መቀየር ይሆናል። ካንዴላ ከነመፍቻው፣ የካቴና ማያያዣ፣ የውስጥ ጎማ፣ ማስቲሽ፣ የእጅ ፓምፕ፣ ፒንሳና ግማሽ ሊትር ዘይት ይያዝ። ከባዱ ዕቃ ወደ ወንበሩ ይጠጋ፤ ፖርቶመጋላው (የኋላ ዕቃ መጫኛው) ጫፍ ላይ የተጫነ ክብደት ዳገት ላይ የፊት ጎማውን ያቀልላል፣ መሪውም ይንቀጠቀጣል። ከመጀመሪያው 200 ኪሎ ሜትር በኋላ፣ ሁለተኛውን ዘይት ስትለውጡ፣ የሞተሩን መያዣ፣ የማርሚታውንና የጎማዎቹን ዳዶ በሙሉ እንደገና አጥብቁ፤ አዲስ የገባው ካቴናም በዚያ ርቀት ስለሚላላ አብሮ ይለካ።