ቡገንቪላ ቤት ውስጥ አላብብ ሲል፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በባሕር ዳር ጎዳናዎች ቡገንቪላ እንደ ጉድ ያብባል። አጥር ላይ ወጥቶ፣ ግንብ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ዞር ብሎ የሚያየው ሰው ሳይኖር። ያንኑ አበባ ፖት ውስጥ ተክለን ሳሎን ስናስገባው ግን ቅጠል ብቻ ይሆናል፤ ሲብስም ቅጠሉን አራግፎ እንጨት ሆኖ ይቀራል። «ውሃ አላጎደልኩበት፣ ማዳበሪያ አላጎደልኩበት፣ ምን ሆነብኝ?» ይላል ባለቤቱ። ጣጣው ያለው እዚያው ንግግሩ ውስጥ ነው። ደጅ ያለው የሚያገኘው ፀሐይና ጥም ነው። ቤት ያለው የሚደርሰው ጥላና ውሃ ነው።

«ክፍሉ ብርሃን አለው» ብሎ መተማመን

ዓይናችን ያታልለናል። ጋዜጣ የሚያስነብብ ክፍል ሁሉ ለአበባ ይበቃዋል ማለት አይደለም። ቡገንቪላ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። ስስ መጋረጃ እንኳ ይቀንስበታል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ እጃችሁን ከቅጠሉ በላይ ዘርጉ። ጣቶቻችሁ አንድ በአንድ የሚለዩበት ጥቁር ጥላ ካረፈበት ፀሐይ አለ። ጥላው ደብዝዞ ጣት ከጣት ካልተለየ ያ ብርሃን እንጂ ፀሐይ አይደለም። በግልጽ ልናገር፦ ከመስኮት ሁለት ሜትር ገባ ብሎ ቴሌቪዥን አጠገብ የሚቀመጥ ቡገንቪላ አያብብም። ለዚያ ቦታ ሌላ ተክል ፈልጉ። ይህኛው ቦታው በረንዳ ወይም መስኮቱ ሥር ነው።

«ደቡብ የሚያይ መስኮት» የሚለውን ምክር እንዳለ መውሰድ

ኢንተርኔት ላይ በየቦታው ያለ ምክር ነው። የተጻፈው ግን ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ሰው ነው። እዚያ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ነው የምታልፈው። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 11.6 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ነገሩ ይለያል። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ የምትሆነው በሰሜን በኩል ነው። በታኅሣሥና በጥር ደግሞ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች።

ስለዚህ በጥር ፀሐይ ሲሞላው የነበረው የደቡብ መስኮት ግንቦት ላይ ጥላ ይሆናል። አበባው «ታመመ» የሚባለውም ያኔ ነው። በዚያ ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን የጣራው ክፈፍ ይጋርዳታል፤ ወደ ቤት አትዘልቅም። ለእኛ የሚሻለው ምሥራቅ ወይም ምዕራብ የሚያይ በረንዳ ነው። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በቀጥታ ትገባለች፣ ያውም ዓመቱን ሙሉ። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ካላችሁኝ ምሥራቁን እላለሁ፤ ክረምት ላይ ደመናው ብዙ ጊዜ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ነውና።

በየቀኑ ማጠጣት

ከፀሐይ ቀጥሎ ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ቡገንቪላ የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው፤ ድርቅ ይችላል። እንዲያውም ትንሽ ሲጠማ ነው አበባ የሚያወጣው። ሁልጊዜ የረጠበ አፈር ላይ ያለ ግን ቅጠልና ሐረግ ማብዛት ይመርጣል። ከዚያ አልፎ ሥሩ ይበሰብሳል።

ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ አስገቡ። እርጥበት ከተሰማችሁ ተዉት። ከደረቀ ከታች እስኪፈስ አጠጡና ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ድፉት። በቀን በቀን አንድ ብርጭቆ ጠብ ማድረግ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ላዩ ይረጥባል፣ ታቹ አይደርሰውም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ በተለይ ቤታችሁ ጣና ዳር ከሆነ፣ አፈሩ ቶሎ አይደርቅምና ቀኑን ሳይሆን ጣታችሁን እመኑ።

ዋልካ አፈር መሙላት

ከጓሮ የተዛቀ ጥቁር አፈር ለጤፍ ማሳ ደግ ነው፤ ለፖት አይሆንም። ሲረጥብ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቅና ከፖቱ ጎን ይላቀቃል። ያኔ ውሃ ስታፈሱበት በጎንና በጎን ሾልኮ ከታች ይወጣል። እናንተ «ጠጣ» ትላላችሁ፤ መሐሉ ላይ ያለው ሥር ጠብታ አላገኘም። እንዲህ ከሆነባችሁ ፖቱን ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት፤ ከዚያ አውጥታችሁ አንጠፍጥፉት። ዘላቂው መፍትሔ ግን ቀይ አፈር፣ አሸዋና በደንብ የተብላላ ፍግ መቀላቀል ነው።

ቀዳዳ የሌለው ፖት ምንም ያህል ቢያምር አይሆንም። የዘይት ጀሪካን ቆርጣችሁ ከሆነ የምትተክሉት ምስማር በእሳት አግላችሁ ታቹን አራት አምስት ቦታ ብሱት። ከታች ጠጠር መደርደር ቀዳዳን አይተካም፤ ውሃው ጠጠሩ ላይ ሲደርስ ይቆምና አፈሩን ያረጥበዋል።

ትልቅ ፖት ይሻለዋል ማለት

አይሻለውም። ሥሩ ጠበብ ሲለው ያብባል። ሰፊ ፖት ብዙ ውሃ ይይዛል። ሥሩም ስስ ነው፤ ስታዛውሩት አፈሩን አታራግፉ። ከችግኝ ጣቢያ ስትገዙ የመጣበትን ላስቲክ በምላጭ ቀዳችሁ ከነአፈሩ አስቀምጡት። ግንዱን ይዛችሁ አትንቀሉ። ጥላ ሥር ያደገ ችግኝ ከሆነም በአንዴ ጠራራ ፀሐይ ላይ አታውጡት፤ ሳምንት አሥር ቀን እያለማመዳችሁ ይሁን። ቦታ ሲቀየርበት ቅጠል ማራገፉ ያለ ነገር ስለሆነ አትደንግጡ።

ዩሪያ መበተን

ገበሬ ዘመድ ካለ ዩሪያ አይጠፋም። ነገር ግን ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፣ ናይትሮጅን ደግሞ የቅጠል ምግብ ነው። ለምለም፣ ረጅም፣ አበባ የለሽ ቡገንቪላ ታገኛላችሁ። ፖት ውስጥ ሲበዛም ሥሩን ያቃጥላል። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ የተብላላ ፍግ ላዩ ላይ መጨመር ይበቃል።

በየሳምንቱ ጫፍ ጫፉን መቁረጥ

አበባ የሚይዘው አዲስ ቀንበጥ ላይ ነው። ቅርጽ ለማስያዝ ሁልጊዜ መቀስ የምታነሱ ከሆነ ሊያብብ የተዘጋጀውን ነው የምትጥሉት። መግረዝ ያለባችሁ ቀለሙ ደርቆ ሲረግፍ ነው። በነገራችን ላይ ያ ሮዝ ወይም ሐምራዊ ነገር ቅጠል ነው። ቀረብ ብላችሁ እዩት፦ በሦስቱ ባለቀለም ቅጠሎች መሐል ቀጭን ቱቦ የመሰለች፣ ጫፏ ነጭ የሆነች ነገር አለች። አበባው እሷ ናት። ስትቆርጡ ጓንት አድርጉ፤ እሾሁ ከወጋው በኋላ ቆዳው የሚያሳክከው ሰው አለ።

እምቦጭን በባልዲ ወደ ቤት ማምጣት

ይህ ቡገንቪላን አይመለከትም፤ ግን ሳልናገር አላልፍም። ሐምራዊ አበባው ዓይን ይስባል፣ ፀሐይም ይወዳል፣ ባልዲ ውስጥም ያድጋል። ጣናን ከ10 ዓመት በላይ ያስጨነቀው አረም ግን እሱው ነው። ከቁራጭ ይራባል፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። አንዴ ካመጣችሁት ባልዲውን ቦይ ውስጥ አትድፉ። ተክሉን አውጥታችሁ ከውሃ ርቆ ባለ ቦታ ፀሐይ ላይ አድርቁትና አቃጥሉት፤ ውሃውንም ወደ ጎርፍ መውረጃ በማይሄድ ደረቅ መሬት ላይ አፍስሱት።