ገዳዩን ፍለጋ ስትሮጡ የምታልፉት፦ የፒፕን የመጀመሪያ መጽሐፍ ስታነቡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሆሊ ጃክሰንን «ኤ ጉድ ገርልስ ጋይድ ቱ መርደር» መጀመሪያ ያነበብኩት በሁለት ሌሊት ነው። ገዳዩን ለማወቅ ገጽ እየዘለልኩ ሮጥኩበት፤ ደረስኩበትም። ሳምንት ሳይሞላ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው የእህቴ ልጅ ደውላ «አክስቴ፣ ቅጹ ላይ የተጻፈውን አላየሽም እንዴ?» ስትለኝ የቱ ቅጽ እንደሆነ እንኳ አላወቅኩም። እርሳስ ይዤ እንደገና ጀመርኩት። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የራሴ ናቸው። መጨረሻውን አልነግራችሁም፣ አትስጉ።

ላላነበባችሁት፦ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2019 እንግሊዝ ውስጥ የወጣ፣ የሦስት ተከታታይ ልብ ወለዶች መክፈቻ ነው። ሊትል ኪልተን በምትባል ትንሽ የምናብ ከተማ አንዲ ቤል የምትባል የ17 ዓመት ተማሪ ትጠፋለች። ፍቅረኛዋ ሳል ሲንግ ጫካ ውስጥ ሞቶ ይገኛል፤ ከስልኩም ለአባቱ የእምነት ቃል ተልኳል። ፖሊስም ከተማውም «ገድሏት ራሱን አጠፋ» ብለው ዶሴውን ይዘጋሉ። የአንዲ አስከሬን ግን አልተገኘም። ከአምስት ዓመት በኋላ ፒፕ የምትባል የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ይህ ነገር አልዋጥልሽ ይላትና ጉዳዩን የትምህርት ቤት ጥናት ታደርገዋለች።

ቅጹንና ማስታወሻውን መዝለል

ይኼ ትልቁ ስህተት ነው። መጽሐፉ የሚከፈተው በትረካ ሳይሆን በትምህርት ቤት ቅጽ ነው። ብዙ ሰው ቅጽ ሲያይ እንደ መታሰቢያ ገጽ ቆጥሮት ያልፈዋል። ቅጹ ላይ ግን የፒፕ ርዕስ አለ፤ ከሥሩም ተቆጣጣሪ መምህሯ የሁለቱንም ወገን ቤተሰቦች እንዳታነጋግር ያሰፈረችው ማሳሰቢያ አለ። ገጹን ገልበጥ ስታደርጉ ምዕራፍ አንድ ላይ ፒፕ የት ናት? የሲንግ ቤተሰብ ደጃፍ ላይ። የከተማው ሰው እርምጃውን ፈጠን አድርጎ የሚያልፈውን ቤት፣ የሳልን ወንድም የራቪን በር ልታንኳኳ ቆማለች። ቅጹን ያላነበበ ሰው እዚህ ጋ አንዲት ደፋር ልጅ ብቻ ያያል። ያነበበው ደግሞ ገና በመጀመሪያው እርምጃዋ ማሳሰቢያውን የምትጥስ ልጅ ያያል፤ ይህ ጠባይዋ እስከ ሦስተኛው መጽሐፍ አብሯት ይሄዳል።

የማስታወሻውም ነገር እንዲሁ ነው። በእንግሊዝ የሁለተኛ ደረጃ መጨረሻ ላይ ያለ ተማሪ በራሱ ምርጫ የሚሠራው ይህ ጥናት በውጤት የአንድ ኤ ሌቭል (ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚወሰድ የአንድ ትምህርት ፈተና) ግማሽ ያህል ይመዘናል። አብዛኛውን ጊዜ ወደ 5,000 ቃላት ገደማ የሚሆን ጽሑፍ ይቀርባል፤ ከጽሑፉ ጋር ተማሪው ሥራውን እንዴት እንዳካሄደ የመዘገበበት ማስታወሻም ይያያዛል። ስለዚህ በየምዕራፉ መሃል የሚገቡት የፒፕ ማስታወሻዎች ደራሲዋ ለማሳመር የጨመረቻቸው አይደሉም፤ ልጅቷ በእውነትም መጻፍ ያለባት የትምህርት ቤት ሥራ ነው። መጀመሪያ ንጹሕ ነው፤ ቀን፣ ርዕስ፣ «ከቃለ መጠይቁ የተገኘ» ምናምን። እየቆየ ቀልድ ይገባበታል፣ ከዚያ ንዴት፣ ከዚያ ለመምህር ሊታይ የማይችል ነገር። ትረካው ፒፕ ምን እንዳደረገች ይነግራችኋል። ምን እየሆነች እንደሄደች የሚታየው ማስታወሻው ላይ ነው።

መጽሐፉን በጆሮ ብቻ የምትሰሙም ብትሆኑ የታተመውን ቅጂ ከአንድ ሰው ተዋሱ። በዓይን ካልታዩ የማይገቡ ገጾች አሉት።

አንድ ሰው ላይ ቶሎ መፍረድ

የፒፕ የተጠርጣሪዎች ዝርዝር እየረዘመ ይሄዳል። እኔ ሦስተኛው ስም ላይ ስደርስ «አገኘሁት!» ብዬ ቆረጥኩ። ከዚያ በኋላ ያነበብኩትን ሁሉ ያነበብኩት ግምቴን ለማስረገጥ ነበር፤ የሚደግፈኝን እሰበስባለሁ፣ የማይመቸኝን አልፋለሁ። በድጋሚ ሳነበው ነው የደነገጥኩት፤ ከተማው በሳል ላይ የሠራው ልክ ይህንኑ ነው። ሳል ፍርድ ቤት አልቀረበም፣ ጠበቃ አልቆመለትም። የፈረደበት ወሬ ነው፣ ወሬው ደግሞ ቤተሰቡንም ጨምሮ ቀጣ።

እዚህ ላይ የዘር ጉዳይን እንደ ማጣፈጫ ማየት ሌላው ስህተት ነው። የሲንግ ቤተሰብ የሕንድ ዝርያ ነው፤ የፒፕ የእንጀራ አባት ደግሞ ናይጄሪያዊ፣ ፊትዝ-አሞቢ የሚለው ጥምር ስሟም ከዚያ የመጣ ነው። መጽሐፉ ይህን ጮኾ አይሰብክም፤ ግን ነጭ በሚበዛባት ትንሽ ከተማ ውስጥ የማን ልጅ በቀላሉ ገዳይ እንደሚባል የሚያውቅ ሰው የጻፈው መሆኑ ያስታውቃል። ባዕድ አገር ልጅ የምታሳድጉ አንባቢዎች ይህን ከእኔ በተሻለ ታነቡታላችሁ።

እኔ የጠቀመኝ ዘዴ ቀላል ነው፦ አንድ ወረቀት፣ በግራ ስም፣ በቀኝ «ይህን ማን ነገረን?» የሚል ዓምድ። ስም መሰረዝ ክልክል ነው። የቀኙን ዓምድ ስትሞሉ ብዙው ነገር የታየ ሳይሆን የተወራ መሆኑ ፍንትው ብሎ ይወጣል።

የሰዓቱ ነገር

ይኼ የእኛ ብቻ ችግር ነው። የዚያ ምሽት ነገር ሁሉ የሚዞረው በሰዓት ላይ ነው፤ የሳል ጓደኞች አብሯቸው እስከ ስንት ሰዓት እንዳመሸ መጀመሪያ የተናገሩት ሌላ፣ በኋላ ለፖሊስ የሰጡት ቃል ሌላ ነው። እኔ ግማሹን በመጽሐፉ ሰዓት፣ ግማሹን በልማድ በእኛ አቆጣጠር ጽፌ፣ 10፡30ን ከማታው 4፡30 ጋር አጋጭቼ አንድ ንጹሕ ሰው ለሁለት ቀን ስጠረጥር ከረምኩ። በአንዱ ጽኑ።

የትኛውን ሕትመት እንደያዙ አለማወቅ

ከእህቴ ልጅ ጋር አሥር ደቂቃ ተጨቃጭቀናል። እኔ ሊትል ኪልተን እላለሁ፣ እሷ «እንደሱ የሚባል ከተማ የለም፣ ፌርቪው ነው» ትላለች። ሁለታችንም ልክ ነበርን። የአሜሪካው ሕትመት ታሪኩን ከእንግሊዝ አንሥቶ ኮነቲከት ውስጥ ፌርቪው ወደምትባል ከተማ አዛውሮታል፤ የጥናቱም ዓይነት ወደ አሜሪካ ትምህርት ቤት ሥርዓት ተቀይሯል። ለንደንና ዋሽንግተን ያላችሁ ዘመዳሞች አብራችሁ የምታነቡ ከሆነ መጀመሪያ ይህን ተጠያየቁ። ምርጫ ካላችሁ የእንግሊዙን ያዙ፤ ሁሉም ሁሉን የሚያውቅባት ጠባብ ከተማ እዚያ የበለጠ ታሳምናለች።

«የወጣቶች» ሲባል «የልጆች» ብሎ መስማት

በአገራችን የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት ማለት ከ15 እስከ 29 ዓመት ነው፤ በአሳታሚዎቹ ቋንቋ ግን የወጣቶች መጽሐፍ ሲባል በተለይ የታለመለት ከ12 እስከ 18 ያለ አንባቢ ነው። ሽፋኑን አይቶ ለ10 ዓመት ልጅ የልደት ስጦታ የሚገዛ ሰው አይቻለሁ። ውስጡ አደንዛዥ ዕፅ አለ፣ ራስን ማጥፋት አለ፣ በመጠጥ ውስጥ መድኃኒት ጨምሮ ሴት ልጅ መድፈር አለ። ለ15 ዓመት ልጅ አብሮ አንብቦ ለመነጋገር ጥሩ ነው፤ ያነሰች ከሆነች አስቀድማችሁ ራሳችሁ አንብቡት።

ከመሃል መግባት

በ2024 ኤማ ማየርስ ፒፕን ሆና የተወነችበት ባለ ስድስት ክፍል ድራማ ወጥቷል። መጽሐፉን ልታነቡት ከሆነ ድራማውን አቆዩት፤ ወንጀሉን ማን እንደሠራ ካወቃችሁ በኋላ ያ የወረቀት ዘዴ ምንም አይሠራም። የመጽሐፉ ቀዳሚ ታሪክ የሆነው አጭሩ «ኪል ጆይ»ም ቢሆን በጊዜ ቅደም ተከተል ቢቀድምም የወጣው በ2021 ነው፤ ከመጀመሪያው በኋላ ብታነቡት ይሻላል። የሁለተኛውን መጽሐፍ የጀርባ ሽፋን ደግሞ አትንኩ። ጉዳዩ መፈታቱን፣ ፒፕ ከማን ጋር ሆና እንደፈታችውና ፖድካስት እንደሠራችበት እዚያው ይናዘዛል።

የእህቴ ልጅ ሦስተኛውን ጨርሳለች። እኔ ገና የሁለተኛው መጽሐፍ አጋማሽ ላይ ነኝ፤ ስትደውል የምናወራው ስለ ትምህርቷና ስለ ምሳዋ ብቻ ነው።