የካርታ ስሌታችሁ አልገጥም ሲል፦ ችግሩ የት ነው?

የካርታ ዕድል ስታሰሉ መልሱ የሚሳሳተው ሂሳብ ስለማትችሉ አይደለም። ማባዛትና ማካፈሉን ማሽን ይሠራዋል። ነገሩ የሚበላሸው ከዚያ በፊት ነው፤ ምን እየቆጠራችሁ እንደሆነ ሳትወስኑ መቁጠር ስትጀምሩ። ስለዚህ ቀመሩን ለጊዜው እንተወውና ከሚታየው ምልክት እንነሳ። ካርታው ጆከር የሌለበት መደበኛው 52 ነው፦ 4 ምልክት (እንደ ልብና ዳይመንድ ያሉ)፣ በየምልክቱ 13 ካርታ። አስ የምለው ባለ አንዷን ነው።

ቁጥሩ ከሚገባው በላይ ገዘፈብኝ

5 ካርታ ሲታደል ስንት ዓይነት እጅ ሊመጣ ይችላል? እናንተ 311,875,200 አላችሁ፣ ትክክለኛው ግን 2,598,960 ነው። ምክንያቱ ቅደም ተከተሉንም መቁጠራችሁ ነው። 52 × 51 × 50 × 49 × 48 ስትሉ፣ አስ ቀድሞ ንጉሥ ሲከተልና ንጉሥ ቀድሞ አስ ሲከተል ሁለት የተለያዩ እጆች ናቸው እያላችሁ ነው። ካርታው እጅ ከገባ በኋላ ግን የትኛው ቀድሞ መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም። 5 ካርታ በ120 መንገድ ስለሚደረደር (5 × 4 × 3 × 2 × 1) ለ120 አካፍሉ። ኮምቢኔሽን የሚባለው ይኼው ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

መልሴ ልክ እጥፍ ወይም ልክ ግማሽ ሆነ

ይህ ጥሩ ምልክት ነው፣ ምክንያቱም ስህተቱ የት እንዳለ ራሱ ይናገራል። አንድ ቦታ ቅደም ተከተል ቆጥራችሁ ሌላ ቦታ ትታችሁታል።

ሁለት ካርታ መዝዛችሁ ሁለቱም አስ የመሆናቸውን ዕድል ውሰዱ። በቅደም ተከተል ከሄዳችሁ ላዕሉ 4 × 3 = 12፣ ታህቱ 52 × 51 = 2,652 ነው። ያለ ቅደም ተከተል ከሆነ ደግሞ 6 ለ1,326። ሁለቱም 1/221 ይሰጣሉ። ከላይ 6 ከታች 2,652 ካደረጋችሁ ግን 1/442 ይመጣል፣ እሱም ግማሹ ነው። የፈለጋችሁትን መንገድ ምረጡ፣ ብቻ ላይና ታቹ አንድ ዓይነት ይሁን።

ሁለተኛው መልኩ ትንሽ ተንኮለኛ ነው። ፖከር በሚባለው የካርታ ጨዋታ ላይ ሁለት ጥንድ (ለምሳሌ ሁለት ንጉሥና ሁለት ሰባት) ያለበትን እጅ ስትቆጥሩ እንዲህ ትላላችሁ፦ ለመጀመሪያው ጥንድ 13 አማራጭ፣ ከ4ቱ ሁለቱን ለመምረጥ 6 መንገድ፣ ለሁለተኛው ጥንድ 12 አማራጭ፣ እንደገና 6፣ ለአምስተኛው ካርታ 44። ሲባዛ 247,104። ትክክለኛው 123,552 ነው፣ ምክንያቱም «ንጉሥ ከዚያ ሰባት» እና «ሰባት ከዚያ ንጉሥ» አንድ እጅ ሆነው ሳለ ሁለቴ ገብተዋል። ታዲያ ይህን ያየ ሰው ፉል ሀውስንም (ሦስት አንድ ዓይነት ከአንድ ጥንድ ጋር) ለሁለት ማካፈል ያምረዋል። እንዳታደርጉት! 13 × 4 × 12 × 6 = 3,744፣ አለቀ። ሦስት ንጉሥ ከሁለት ሰባት ጋርና ሦስት ሰባት ከሁለት ንጉሥ ጋር የተለያዩ እጆች ናቸው። ሁሌም ይህን ጠይቁ፦ ሁለቱን ቦታ ባለዋውጣቸው እጁ ይቀየራል? ካልተቀየረ አካፍሉ፣ ከተቀየረ ተዉት።

«ቢያንስ አንድ» የሚል ጥያቄ ሁሌ ይበዛብኛል

ከሁሉም በላይ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው።

5 ካርታ ታድሎ ቢያንስ አንድ አስ የማግኘት ዕድል 38.5 በመቶ መጣላችሁ እንበል። አሠራራችሁ ሲታይ ምንም እንከን ያለው አይመስልም፦ ከ4ቱ አስ አንዱን ልያዝ፣ ከቀሩት 51 ካርታዎች ደግሞ ያገኘሁትን 4 ልጨምር፣ እሱም በ249,900 መንገድ ይሆናል፣ ሲባዛ 999,600። ችግሩ የልብ አስና የዳይመንድ አስ አንድ ላይ ያሉበት እጅ ላይ ነው። አንዴ «ልቡን ያዝኩ፣ ዳይመንዱ ተከትሎ መጣ» ተብሎ ይቆጠራል፣ አንዴ ደግሞ በግልባጩ። ሦስት አስ ያለበት ሦስቴ ይገባል፣ አራቱም ያሉበት አራቴ።

መፍትሄው ተቃራኒውን መቁጠር ነው። አስ ካልሆኑት 48 ካርታዎች 5 መምረጥ በ1,712,304 መንገድ ይቻላል። ከጠቅላላው 2,598,960 ቀንሱት፦ 886,656 ይቀራል። 34.1 በመቶ ነው።

ላላመነ ሰው እያንዳንዱን ለየብቻ እንቁጠረው። በትክክል አንድ አስ ያለባቸው እጆች 778,320 ናቸው፣ ሁለት ያለባቸው 103,776፣ ሦስት ያለባቸው 4,512፣ አራቱም ያሉባቸው 48። ደምሩት፣ 886,656 ይሆናል። አሁን ደግሞ ሁለት አስ ያለባቸውን በ2፣ ሦስት ያለባቸውን በ3፣ አራት ያለባቸውን በ4 አባዙና ደምሩ። ቁጭ ያለችው ያቺው 999,600 ናት! እኔ ከካርታ ሂሳብ ሁሉ ይህችን ነው የምወዳት፣ ስህተቱ ራሱ በሥርዓት የተሠራ መሆኑን ታሳያለች።

ቁጥሩ ከበዛባችሁ ካርታውን አሳንሱት። 2 አስና 2 ንጉሥ ብቻ አስቀምጡና 2 ምዘዙ። ሊመጣ የሚችለው 6 ዓይነት እጅ ብቻ ነው፣ አስ የሌለበት አንዱ ነው፣ ስለዚህ መልሱ 5/6። በስህተተኛው መንገድ ሂዱበት፦ 2 × 3 = 6፣ ማለትም 6/6። ሁለቱ ንጉሦች ፊታችሁ ተቀምጠው አንድ ላይ ሊመጡ አይችሉም እያላችሁ ነው። ይህ የማሳነስ ዘዴ ለማንኛውም የካርታ ጥያቄ ይሠራል፣ ከቀመር ይልቅ እሱን ያዙ።

1/169 መጣ

ሁለት ካርታ መዝዛችሁ ሁለቱም አስ የመሆናቸው ዕድል 1/221 ሳይሆን 1/169 ከሆነባችሁ፣ መጀመሪያ የመዘዛችሁትን ካርታ መልሳችሁ ከታችሁታል። አንድ አስ ከወጣ በኋላ የቀረው 3 ከ51 ነው፣ 4 ከ52 አይደለም።

ሌሎቹ ተጫዋቾች የያዙትን ልቀንስ?

አትቀንሱ። ያላያችሁት ካርታ ሰው እጅም ይሁን ክምሩ ውስጥ፣ ለእናንተ ያው ያልታየ ካርታ ነው። ቴክሳስ ሆልደም (እያንዳንዱ 2 ካርታ ይዞ ለሁሉም የሚሆኑ 5 ካርታዎች ጠረጴዛ ላይ የሚገለጡበት የፖከር ዓይነት) ላይ 2 ይዛችሁ 3 ጠረጴዛ ላይ ተገልጠዋል እንበል፣ ከአምስቱ አራቱ ልብ ናቸው። ያልታየው 47 ነው፣ ከእሱ 9 ልብ ቀርቷል። በሚቀጥለው ካርታ ልብ የመምጣቱ ዕድል 9/47፣ 19.1 በመቶ ገደማ። ገና የሚገለጥ ሁለት ካርታ ስለቀረ 19.1ን እጥፍ አድርጎ 38.3 የሚል ሞልቷል፤ ይህ የ«ቢያንስ አንድ» በሽታ ሌላ ልብስ ለብሶ መጣ ማለት ነው። ሁለቱም ልብ ሳይሆኑ የሚቀሩበት ዕድል 38/47 × 37/46 ነው፣ ከ1 ሲቀነስ 35 በመቶ።

አንድ ጥያቄ፣ ሁለት መልስ

ጓደኛችሁ ሁለት ካርታ ይዟል። «ቢያንስ አንድ አስ አለኝ» ካለ ሁለቱም አስ የመሆናቸው ዕድል 1/33 ነው። «የልብ አስ አለኝ» ካለ ግን 1/17። ብዙ ሰው እዚህ ይጣላል፣ አስ አስ ነው እያለ። ቁጠሩት፦ ቢያንስ አንድ አስ ያለባቸው ባለ ሁለት ካርታ እጆች 198 ናቸው፣ ከነሱ ውስጥ ሁለቱም አስ የሆኑት 6። የልብ አስ ያለባቸው ደግሞ 51፣ ሁለተኛውም አስ የሆነባቸው 3። የተሰጠው መረጃ ታህቱን ይቀይረዋል። ጥያቄው ላይ «እንደሆነ ከታወቀ» ወይም «ካለ» የሚል ቃል ስታዩ መጀመሪያ ታህቱን እንደ አዲስ ቁጠሩ፣ 1,326ን እርሱት።

ማሽኑ ስህተት ይላል

52 ፋክቶሪያልን (ከ52 እስከ 1 ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ሲባዙ) ፊት ለፊት አስልታችሁት ይሆናል። 68 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው። በ64 ቢት ኢንቲጀር (ኮምፒውተር ሙሉ ቁጥር የሚይዝበት የተለመደ መጠን) ፕሮግራም ከጻፋችሁ ከ20 ፋክቶሪያል በላይ አይዘልቅም፣ ከዚያ ወዲያ ዝም ብሎ የተሳሳተ ቁጥር ሊሰጣችሁ ይችላል። መጀመሪያ አጣፉ፦ 52 ፋክቶሪያል ለ47 ፋክቶሪያል ሲካፈል የሚቀረው አምስት ቁጥር ብቻ ነው።

ስሌቱ ልክ ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ግን አልሆነም

ሃያ ጊዜ ተጫውታችሁ ከሆነ ምንም አትጠብቁ፣ ትንሽ ነው። አስ ለረጅም ጊዜ ስላልመጣም «አሁን ተራው ነው» አትበሉ፣ እንደገና የተበወዘ ካርታ ያለፈውን አያስታውስም። ሁለት መቶ ጊዜ አድላችሁ አሁንም ከራቀ በዋዡን ተመልከቱ። ቤየርና ዲያኮኒስ የተባሉ የሂሳብ ሰዎች በ1992 ባወጡት ጥናት፣ ካርታውን ለሁለት ከፍሎ ጫፍ ለጫፍ በማጠላለፍ ሲበወዝ 52ቱን በደንብ ለማደባለቅ 7 ጊዜ ያህል እንደሚያስፈልግ አሳይተዋል። ሁለቴ በውዞ የሚያድል ሰው ካለ የቀድሞው ጨዋታ ቅደም ተከተል ገና አልጠፋም፣ ቀመሮቹ በሙሉ ደግሞ የቆሙት በደንብ ተበውዟል በሚለው ላይ ነው።