55 ቀን ጾሜ ስኳሬ ለምን ጨመረ?

አምና ከፋሲካ በኋላ ተመረመርኩ። በባዶ ሆድ ስኳሬ 112፣ የሦስት ወሩ አማካይ (HbA1c የሚሉት) ደግሞ 6.1 ወጣ። ዶክተሯ «ገና አልያዘህም፣ ግን ደጃፉ ላይ ነህ» አለችኝ። በባዶ ሆድ ከ100 እስከ 125፣ በሦስት ወሩ ከ5.7 እስከ 6.4 ከሆነ ደጃፍ የሚሉት እሱን ነው። እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። 55 ቀን ሙሉ እስከ 9 ሰዓት እህል ሳልቀምስ ከርሜ ሁለት ኪሎ ጨምሬያለሁ! 84 ገብቻለሁ።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። 9 ሰዓት ላይ ሁለት እንጀራ በሽሮ። 11 ሰዓት ላይ ዳቦና ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ። ማታ ፓስታ። ሥጋ ስለሌለው ቀላል ምግብ ይመስለኝ ነበር። የጤፍም ቢሆን እንጀራ ሆድ ሲገባ ስኳር ነው የሚሆነው።

እንግዲህ እኔ ያደረግኩትን፣ በየቀኑ ለተወሰነ ሰዓት ሳይበሉ መቆየቱን፣ ልንገራችሁ። በፊት ግን አንድ ነገር፦ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ክኒን የምትወስዱ፣ እርጉዞችና የምታጠቡ እናቶች ሐኪም ሳታማክሩ እንዳትጀምሩ። ስኳር ድንገት ሊወርድ ይችላል። ማንም ቢሆን ከተንቀጠቀጠና ካላበው ጾሙን ትቶ ይብላ።

በቀጥታ 16 ሰዓት በመጾም አትጀምሩ። እኔ መጀመሪያ ከማታ 1 ሰዓት እስከ ጠዋት 1 ሰዓት አፌን ዘጋሁ። ሁለት ሳምንት እንደዚያ። ከዚያ እራቴን 12 ሰዓት ላይ ጨርሼ ቁርሴን ወደ 2 ሰዓት ገፋሁት፤ 14 ሰዓት ሆነ። ቁርስ ዘልሎ ማታ ከመጫን ይሄ ይሻላል፤ ሰውነት ስኳርን ከማታ ይልቅ ጠዋት በደንብ ያስተናግዳል። በዓቢይ ጾም ግን ያው በ9 ሰዓትና በ1 ሰዓት እበላለሁ።

በመሃል ውሃ፣ ሻይና ቡና ያለ ስኳር። በጨው ቡና የለመደው የወሎ አጎቴ ይስቅብኛል። አደጋው የቡና ቁርሱ ነው፤ አንድ እፍኝ ቆሎም ጾሙን ያፈርሳል።

ሳህኑ ላይ ደግሞ ግማሹ ጎመን፣ ፎሶሊያ ወይም ሰላጣ ነው። ምስር ወይም ሽምብራ ሩብ ያህል፣ እንጀራ አንድ ብቻ። ጎመኑን አስቀድሜ በሹካ እበላለሁ፣ እንጀራውን መጨረሻ ላይ። ባለቤቴ «ፈረንጅ ሆንክብኝ» ትላለች፤ ትበል።

ስንት ኪሎ ልቀንስ ለምትሉ፦ 2002 ላይ የወጣ የአሜሪካ ትልቅ ጥናት ነበር። ደጃፍ ላይ ያሉ ሰዎች ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ተደረገ፤ ወደ ስኳር በሽታ የመግባታቸው ዕድል በ58 በመቶ ወረደ። ለእኔ 7 በመቶ ማለት ስድስት ኪሎ ገደማ ነው። ልብ በሉ፣ ጥናቱ ስለ ሰዓት አልነበረም። ሰዓቱ የሚጠቅመኝ ማታ ቲቪ ፊት የምበላውን ስለሚያስቀርልኝ ነው። በዚያ ፈንታ ከእራት በኋላ 20 ደቂቃ በሰፈር እዞራለሁ፣ ኮንዶሚኒየሙን አራት ፎቅ በእግሬ እወጣለሁ።

በሰባት ወር 78 ተኩል ገባሁ። የሦስት ወሩ 5.8 ሆነ።

እናቴ ቤት ስሄድ ግን «ልጄ፣ ምነው ከሳህ?» አለና ጉርሻ። አንዱ ያጣላል ብላ ሁለት ታጎርሰኛለች። እምቢ አይባልም። እጎርስና ከፊቴ ካለው እንጀራ ያንኑ ያህል ቆርሼ ለእህቴ አስጠጋለሁ።