በክሬ እና ሎክስፒ የአይጥን ክሮሞሶም መለወጥ

የአይጥን ክሮሞሶም ሰፊ ክፍል ለመቁረጥ፣ ለማባዛት ወይም ለመገልበጥ ክሬ የተባለው ኤንዛይም እና ሎክስፒ የተባለው የዲኤንኤ ቅደም ተከተል አስተማማኝ መሣሪያዎች ናቸው። ሎክስፒ 34 ፊደላት አሉት፤ ግራና ቀኝ ያሉትን 13፣ 13 ፊደላት ኤንዛይሙ ይይዛቸዋል፣ መሐል ያሉት 8 ፊደላት ደግሞ አቅጣጫውን ይወስናሉ። ውጤቱ በሙሉ በዚህ አቅጣጫ ላይ ስለሚመረኮዝ፣ ህዋስ ከመነካቱ በፊት ሁለቱን ሎክስፒዎች ከነአቅጣጫቸው በወረቀት ላይ መሣል ግድ ነው።

በአንድ ክሮሞሶም ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ከዞሩ በመካከላቸው ያለው ክፍል ተቆርጦ ይወጣል፤ ከተቃረኑ ይገለበጣል። በጥንድ ክሮሞሶሞች ላይ በተለያየ ቦታ፣ ግን በአንድ አቅጣጫ ከተቀመጡ፣ አንዱ ክፍሉን ሲያጣ ሌላው እጥፍ ይይዛል። የሰው 21ኛ ክሮሞሶም ጂኖች አቻዎች በአይጥ 16ኛ፣ 17ኛ እና 10ኛ ክሮሞሶሞች ላይ ስለሚገኙ፣ ከዚህ ክሮሞሶም ትርፍ ቅጂ የሚመጣውን ዳውን ሲንድሮምን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች የሚፈልጉት ይህንኑ እጥፍ ነው። ጥንድ ባልሆኑ ክሮሞሶሞች መካከል ክፍል ሲለዋወጥ ግን አቅጣጫቸው ከሴንትሮሜር (ህዋስ ሲከፋፈል ክሮሞሶሙ ከሚጎተትበት ነጥብ) አንጻር ካልተመሳሰለ፣ አንደኛው ሁለት ሴንትሮሜር ይዞ ሌላው ያለ ሴንትሮሜር ይቀራል፤ እንዲህ ያለ ህዋስ በትክክል ሊከፋፈል አይችልም።

ሥራው የሚከናወነው የሚሠራ የኤችፒአርቲ ጂን በሌላቸው የፅንስ ግንደ ህዋሳት ላይ ነው። በመጀመሪያው ቦታ ሎክስፒ፣ የኤችፒአርቲ የፊት ግማሽ እና ኒዮማይሲን የተባለውን መድኃኒት የሚቋቋም ጂን ይገባሉ፤ ቦታቸውን መያዛቸው ሳውዘርን ብሎት በተባለው የዲኤንኤ ምርመራ ከተረጋገጠ በኋላ በሁለተኛው ቦታ ሌላ ሎክስፒ፣ የኋላው ግማሽ እና ፑሮማይሲን የተባለውን ሌላ መድኃኒት የሚቋቋም ጂን ይከተላሉ። ከዚያ ክሬ ለአጭር ጊዜ ብቻ እንዲመረት ይደረጋል። ግማሾቹ የሚጋጠሙት ለውጡ ሲከናወን ስለሆነ፣ በሃት ሚዲያ (የሚሠራ ኤችፒአርቲ ያለው ህዋስ ብቻ በሚኖርበት ማሳደጊያ ፈሳሽ) ውስጥ የሚተርፉት የተለወጡት ህዋሳት ናቸው። በሎክስፒዎቹ መካከል ያለው ርቀት በጨመረ ቁጥር ለውጡ ብርቅ ስለሚሆን፣ ያለዚህ ማጣሪያ ሰፊ ለውጥ መፈለግ ከንቱ ልፋት ነው።

ሁለቱ ሎክስፒዎች በአንድ ክሮሞሶም ላይ ያርፉ ወይም በጥንዱ ላይ አስቀድሞ አይታወቅም። መድኃኒት ተቋቋሚዎቹ ጂኖች በሚቆረጠው ክፍል ውስጥ እንዲውሉ ከታቀደ ግን መለየት ይቻላል፤ ከሃት ተርፎ በሁለቱም መድኃኒቶች የሚሞት ህዋስ ክፍሉን ያጣ ብቻ ሲሆን፣ ሁለቱንም የሚቋቋመው ከጉድለቱ ጋር እጥፉንም ይዟል። የጂኖቹ መጠን ስለሚካካስ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

የተመረጠው ህዋስ ክሮሞሶሙን በሚያበራ ቀለም በሚያሳየው የፊሽ ምርመራ ተረጋግጦ ወደ ብላስቶሲስት (የመጀመሪያ ቀናት ፅንስ) ይገባል፤ ከሚወለዱት ቅይጥ አይጦች ለውጡን ለልጆቻቸው የሚያስተላልፉት ይለያሉ። ክፍል ቆርጦ ለማውጣት ብቻ ከሆነ ክሪስፐር የተባለው የዲኤንኤ መቁረጫ ዘዴ ይፈጥናል፤ ይሁንና የተቆረጡት ጫፎች መጋጠሚያ ከአይጥ አይጥ ስለሚለያይ፣ በቀጣዩ ትውልድ የመጋጠሚያውን ቅደም ተከተል ሳያነቡ የአይጥ ዘር ማቋቋም አይገባም።